ደረጀና የመስታወቱ ክር

አንድ አባት አንዲት ልጁን በዓሣ ተነጠቀ ቢሏችሁ ታምናላችሁ? እኔ ላይ የደረሰው እሱ ነው። ልጄ ቤዛ ሐዋሳ ተወልዳ፣ ሐዋሳ አድጋ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የዓሣ መምህርት ሆነች። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ አልነበረኝም። አንድ ቀን ምሳ ላይ ግን ‹‹አባዬ፣ ለዶክትሬት ኖርዌይ ልሄድ ነው›› አለችኝ።

‹‹ምን ልትማሪ?››

‹‹ዓሣ።››

‹‹ዓሣ ለመማር ባሕር መሻገር ምን አመጣው? እዚህ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ብትወርጂ የፈለግሽውን ዓሣ ከነአጥማጁ ታገኚው የለም?››

‹‹እኔ የማጠናው የዓሣ በሽታ ነው እኮ።››

‹‹የእኛ ዓሣ መታመም ያቅተዋል?››

ሳቀች። እሷ ስትስቅ ክርክሩ ማለቁ ነው፤ እናቷም እንደዚያው ነበረች። እኔ ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ኖርዌይን በካርታ ላይ በዱላ እየጠቆምኩ ስንቱን ትውልድ ሳስተምር፣ ልጄን የምትወስድብኝ አገር እሷ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም። ባስብ ኖሮ ዱላውን ወደ ሌላ አገር አዞረው ነበር።

ቤዛ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አስማለችኝ። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀረነው ሁለታችን ነበርን። ‹‹ብቻህን እንዳትኖር›› አለችኝ። ‹‹ብቻህን መሆንህን የሰማሁ ቀን ትምህርቱን ትቼ እመጣለሁ።›› ይህቺ ልጅ ደግሞ አደርገዋለሁ ያለችውን ታደርጋለች። ስለዚህ የእህቴ ልጅ ደረጀ ከዲላ መጥቶ አብሮኝ እንዲኖር ተደረገ። ደረጀ ረጅም፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው፤ ቤት ውስጥ መኖሩ የሚታወቀው እንጀራው ሲያልቅ ብቻ ነበር። ቤዛን አውሮፕላን ላይ ሸኝተናት ብዙም ሳይቆይ ሞያሌ ሥራ አገኘ። ምን እላለሁ? ወጣት ነው። መረቅኩትና ሄደ።

ለቤዛ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል ቀረ። ብነግራት መምጣቷ ነው፤ ብትመጣ ያ ሁሉ ድካሟ ገደል መግባቱ ነው። ካልነገርኳት ደግሞ ከቤቱ ጋር ብቻዬን ተፋጥጬ መቀመጤ ነው። ሰባ ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ ‹‹ዝም በሉ!›› እያልኩ ዕድሜዬን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ይኸው ተሳካልኝ፤ ሁሉም ዝም አለ። አሁን ይህን ዝምታ የሚወስድልኝ ጠፋ።

እንግዲህ የኢንተርኔት ጣጣዬ የጀመረው ከዚህ ነው። ልጄ የምትለው ነገር ሳይሆን ፊቷ ናፈቀኝ።

መጀመሪያ የገዛሁት ዶንግል የሚሏትን ነገር ነው። ጣት የምታክል ናት፤ ኮምፒውተሩ ጎን ትሰካና ከሞባይል ምሰሶው ኢንተርኔት ትቀበላለች። ሳሎን ውስጥ አልቀበልም አለች። መስኮቱ ላይ ስትሆን ትንሽ ተንፈስ አለች። በረንዳው ላይ ተሻላት። ከሁሉ የወደደችው ግን ጣሪያው ላይ የውሃ ታንከሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ነው። እኔም በዚህ ዕድሜዬ መሰላል አቁሜ፣ ኮምፒውተሬን ታቅፌ፣ ታንከሩን ተደግፌ ከኖርዌይ ጋር መነጋገር ጀመርኩ።

ጎረቤቴ እትዬ አስቴር ልብስ ሊያሰጡ ወጥተው አዩኝ።

‹‹መምህር! ምን ሆነው ነው? ውሃ ጠፋ እንዴ?››

‹‹ልጄን እያነጋገርኩ ነው!››

ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። ‹‹በጌታ ስም ቀስ ብለው ይውረዱ›› አሉ። ማታውን ሾርባ ሠርተው ላኩልኝ። በሽተኛ የሚጠጣው ዓይነት ሾርባ ነበር።

ዶንግሏ ጠዋት ጠዋት ታወራለች፣ አመሻሹ ላይ ግን ትዘጋለች። ምክንያቱን ኋላ ነው የሰማሁት። ምሰሶው የጋራ ነው፤ ከመናኸሪያ እስከ ፒያሳ ያለ ጎረምሳ ሁሉ ከሥራ ወጥቶ ሲጠባው ለእኔ የሚደርሰኝ ጠብታ ነው። ለልጄ ደግሞ የምትመቻት ያቺው ሰዓት ናት።

ስለዚህ በስልኩ ሽቦ የሚመጣውን ብሮድባንድ አስገባሁ። ሊቀጥል የመጣው ቴክኒሺያን ማቴዎስ ይባላል፤ ይርጋለም የተወለደ፣ ድምፁ መዘምራን የሚመራ የሚመስል፣ መዘምራንም የሚመራ ሰው ነው። ስለ ራሱ ችሎታ ሲያወራ ትሕትና አያስቸግረውም። ‹‹ጋሼ፣ እኔ የነካሁት መስመር ተመልሶ አይበላሽም›› ብሎኝ ሄደ። በሳምንቱ ተበላሸ።

ከመበላሸቱ በፊት ግን ቤዛን አየኋት። አየኋት ይባል እንደሆን እንጃ። ያኔ ከተማው በሙሉ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት፣ ትራንስፎርሜሽን የሚለው ቃል ከአፋችን የማይጠፋበት ጊዜ ነበር፤ የልጄም ፊት እንደ ኮብልስቶን በአራት ማዕዘን በአራት ማዕዘን እየተነጠፈ መጣ። ግንባሯ ቀድሞ ይደርሳል፣ አገጯ ይከተላል። ከንፈሯ ከተንቀሳቀሰ ቆይቶ ድምፁ ይመጣል። ከኋላዋ ደግሞ ብዙ ሰው ይስቃል።

‹‹ማነው የሚስቀው?››

‹‹ጓደኞቼ ናቸው አባዬ። ቤቱ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ ነው።››

ደስ አለኝ። እኔ ብቻዬን ብሆንም እሷ ከሰው ጋር ናት ማለት ነው። ይህን እያሰብኩ ሳለሁ እሷ ዐይኗን ጠበብ አድርጋ ‹‹ከኋላህ የቆመው ደረጀ ነው?›› አለች።

ዞር አልኩ። ከኋላዬ የቆመው የእንጨት ኮት መስቀያችን ነው። የዝናብ ካፖርቴን ለብሷል፤ ባርኔጣዬን ደፍቷል። እውነቱን ለመናገር ደረጀን ይመስላል። ደረጀም ከሱ ብዙ አይለይም ነበር።

እኔ እኮ አልዋሸሁም። ውሸቱን ራሷ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ፤ እኔ አልመለስኩላትም፣ ጥፋቴ ይሄው ነው። ‹‹እ... አዎ፣ ደረጀ ነው›› አልኩ። ‹‹ደረጀ፣ ሰላም በላት እንጂ!›› እግዚአብሔር አዛኝ ነው፤ መስመሩ ያን ጊዜ ተቋረጠ።

ከዚያ ወዲያ ደረጀ ሥራ ሆነብኝ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቆም ሰው ያስጠረጥራል፣ ስለዚህ አንድ ቀን በሩ ጋ፣ ሌላ ቀን መስኮቱ ጋ አቆመዋለሁ። ክረምት ሲገባ ሁለተኛ ኮት ደረብኩበት። ቤዛ ‹‹ደረጀ ወፈር አለ›› አለችኝ። ‹‹ቤቱ ተስማምቶታል›› አልኳት። ‹‹ለምን አያናግረኝም?›› ስትለኝ ‹‹ድሮም ዝምተኛ ነው፣ ታውቂው የለም?›› አልኳት። ይሄ እንኳ እውነት ነው።

መጥፎው ነገር ምን መሰላችሁ? እኔም ለመድኩት። ከቤት ስወጣ ‹‹ደረጀ፣ መጣሁ›› እላለሁ። ሐይቁ ዳር ዞር ዞር ብዬ ስመለስ ‹‹ማንም አልመጣም?›› ብዬ እጠይቀዋለሁ። ማንም አልመጣም። ኮት መስቀያ ላይ እስከዚህ ድረስ መውረድ ለአንድ የተማረ ሰው ውርደት ነው፤ ግን ሰው የሚያወርደው ትምህርት ማጣት ብቻ እንዳይመስላችሁ።

መስመሩ በየጊዜው ይበላሻል፣ ማቴዎስ በየጊዜው ይመጣል። አንዴ ከምሰሶው ወደ ቤቴ የሚገባው ሽቦ ረግቦ አጥር ላይ ደርሶ፣ እትዬ አስቴር እርጥብ ጋቢ አስጥተውበት አገኘው። ‹‹የልብስ ገመድ መስሎኝ ነው›› አሉ እትዬ አስቴር፤ ‹‹ጠንካራ ነው ደግሞ!›› ብለው አመሰገኑልን። ሌላ ጊዜ አባ ኮዳ የምንለው ያ መላጣ ወፍ፣ አሞራ ገደል የዓሣ ትርፍራፊ ሲያግበሰብስ ውሎ፣ ጠግቦ መጥቶ መስመሬ ላይ አርፎ ነበር። እሱን የመሰለ ግንድ ሲያርፍበት ያረጀው መጋጠሚያ ይላቀቃል። ሐዋሳ ውስጥ ልጄን ከእኔ የሚለያት ነገር ሁሉ በዓሣ በኩል ነው የሚመጣው።

ሦስተኛው ጥፋት የእኔው ነበር። ሞደሙን፣ ማለትም መብራቱ ብልጭ ብልጭ የሚለውን ሣጥን፣ ውድ ዕቃ ነው ብዬ ቡፌ ውስጥ ከብርጭቆዎቹ ጋር ቆልፌበት፣ ከላይ ዳንቴል አልብሼው ነበር። ዳንቴሉን የሠራችው ባለቤቴ ናት። እሷ በሕይወት ሳለች ቤታችን ውስጥ ያለ ዳንቴል የሚታይ ዕቃ አልነበረም፤ ቴሌቪዥኑ ለብሶ ነበር፣ ሬዲዮው ለብሶ ነበር፣ ስልኩም ለብሶ ነበር። አዲስ ዕቃ ሲገባ ራቁቱን እንዲቀመጥ ማድረግ አልቻልኩም።

ማቴዎስ ቡፌውን ሲከፍት ሙቀቱ ፊቱን መታው። ‹‹ጋሼ፣ ዳቦ ሊጋግሩበት ነው?››

‹‹አቧራ እንዳይገባበት ብዬ ነው።››

‹‹ይሄ ዕቃ መተንፈስ አለበት። ዳንቴሉን ያንሱት።››

‹‹የባለቤቴ ነው›› አልኩት።

ዝም አለ። ለማቴዎስ ዝም ማለት ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ ዳንቴሉን በሁለት እጁ አንስቶ፣ አጣጥፎ ሰጠኝ። ‹‹ሌላ ቦታ ይልበስ። እሱም ከሙቀት ይረፍ›› አለ። ያን ቀን ብርድ ነበር፤ ደረጀ ደግሞ ስካርፍ አልነበረውም። አንገቱ ላይ ጠመጠምኩለት።

‹‹ለምንድን ነው ይሄ መስመር የማይሻሻለው?›› አልኩት ሻይ ስንጠጣ።

‹‹መዳብ ነዋ ጋሼ። መዳብ እንደ ደሞዝ ነው። ከዋናው ጣቢያ ሲነሳ ሙሉ ነው፤ እየሄደ እየሄደ ያልቃል፣ በየመጋጠሚያው ላይ ደግሞ ይቆረጥለታል። የእርስዎ ቤት ሩቅ ነው። የሚደርስዎ የወር መጨረሻው ነው።››

ሻይ ደገምኩለት። የመዝሙር ቡድኑን ችግር ነገረኝ፤ ስለ ሚስቱ እናት ነገረኝ፤ ማንም ያላገኘውን ብልሽት እሱ እንዴት እንዳገኘ በዝርዝር ነገረኝ። ሲሄድ ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው የባሰ ጭር አለ። እንግዲህ ልንገራችሁ፤ መስመሩ ሲበላሽ ደስ ይለኝ ጀመር። ሲበላሽ ቤዛን አጣለሁ፣ ግን ማቴዎስ ይመጣል። ሰው ብቸኛ ሲሆን ሒሳቡ ሁሉ እንደዚህ የተጣመመ ነው።

ከዚያ በመንገዳችን ጫፍ ሆቴል ተሠራ። ለሆቴሉ ተብሎ፣ ገና ተነጥፎ ያላለቀው ኮብልስቶን እንደገና ተነቀለ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ የመስታወት መስመር ተቀበረ። ማቴዎስ እየሮጠ መጥቶ ‹‹ጋሼ፣ ከሱ ላይ ቀጥዬ ላስገባልዎ እችላለሁ! ፋይበር ነው!›› አለኝ። እኔም ሳላስብ ለቤዛ ነገርኳት።

‹‹አስገባው አባዬ! አሁኑኑ አስገባው!›› አለች በኮብልስቶን ፊቷ። ‹‹ፊትህን በደንብ ካየሁ እኮ ስንት ጊዜ ሆነኝ።››

ለእኔም ስንት ጊዜ ሆኖኝ ነበር። ከስታ ይሆን? ታማ ይሆን? ከዚያ ከአራት ማዕዘን ምን ይታወቃል? ግን እሷን ጥርት አድርጎ የሚያሳየኝ መስመር፣ ደረጀንም ጥርት አድርጎ ያሳያታል። ልጄን ማየት ብፈልግ ልጄ ታየኛለች፤ ካየችኝ ትምህርቷን ጥላ ትመጣለች። ደህና ነገር ሳይጎረብጥ መጥቶልኝ አያውቅም።

አስገባሁት። ምን ላድርግ፣ አባት ነኝ።

ማቴዎስ ክሩን ልጦ አሳየኝ። ከፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ‹‹በዚህ ውስጥ የሚሄደው ኤሌክትሪክ አይደለም ጋሼ፤ ብርሃን ነው። ሩቅ ቢሄድም እንደ መዳቡ ቶሎ አይደክምም፤ ጋቢ ቢሰጣበት፣ መብረቅ ቢጮህበት ግድ የለውም።››

የመምህርነት አመሌ ተነሳ። ‹‹ብርሃን ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። መስመሩ ደግሞ ከሆቴሉ እዚህ ድረስ ጠመዝማዛ ነው። እንዴት ይዞራል?››

‹‹ባጃጅ ፒያሳ ላይ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይተው ያውቃሉ? ከዚህ ጠርዝ ወደዚያ ጠርዝ እየተወረወረ ነው የሚሄደው። ከመንገዱ ግን አይወጣም። ብርሃኑም የመስታወቱን ጠርዝ እየነካ እየነካ እርስዎ ቤት ይደርሳል።›› ከዚያ ጣቱን ቀሰረብኝ። ‹‹ብቻ አደራ፣ እንዳያጥፉት። እንደ ሽቦ ምስማር ላይ ልጠምጥምህ ካሉት ብርሃኑ በመታጠፊያው ያመልጣል። ያን ጊዜ ጨለማ ነው።››

ይህን ነገር ልብ አልኩት።

ሥራውን ሲጨርስ ለመንኩት። ‹‹ማቴዎስ፣ ቅዳሜ ቀን ልጄ ስትደውል ለአንድ አፍታ መጥተህ ከኋላዬ ቁምልኝ። ኮት እሰጥሃለሁ።›› ነገሩን ከሥር መሠረቱ አስረዳሁት። ኮት መስቀያውን አየው፣ እኔን አየኝ።

‹‹ጋሼ፣ እኔ ዳግም የተወለድኩ ሰው ነኝ። አልዋሽም።››

‹‹ተናገር መቼ አልኩህ? ቁም ነው ያልኩህ።››

‹‹ቆሞ መዋሸትም መዋሸት ነው። ደግሞም›› አለ ወደ ደረጀ እያየ፣ ‹‹እኔ ከሱ አጥራለሁ። ይነቃብናል።›› ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ ‹‹እውነቱን ይንገሯት። ለልጅዎ እጸልያለሁ›› አለኝ። ሻይ ሳይጠጣ ሄደ።

ቅዳሜ ደረሰ። ዕቅዴ ቀላል ነበር፤ ደረጀን መኝታ ቤት ደብቄ ‹‹ፒያሳ ወጥቷል›› እላለሁ። ልጅቷ ግን ቸኩላ ኖሮ ከቀጠሮው ቀድማ ደወለች። ስትደውል እኔ ሳሎኑ መሐል ደረጀን ወገቡን ይዤ እየጎተትኩ ነበር። እዚያው አቁሜው ሮጥኩና ተቀመጥኩ፤ የመቀበያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ቤዛ መጣች። በቁራጭ አይደለም፤ በሙሉ። ቅንድቧ ላይ ያለው የልጅነት ጠባሳ ሳይቀር መጣ። ከዐይኗ ሥር የጠቆረው መጣ። ጉንጯ ጎድሏል። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ድምፁ አብሮ ነው። ‹‹አባዬ›› አለች፤ በቃ፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት መሰለኝ። 

እሷም እያየችኝ ነው። ያልተተኮሰ ሸሚዜን አየች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ አየች። ከዚያ ዐይኗ ከትከሻዬ በላይ አለፈ፤ እዚያም ቆመ።

‹‹አባዬ፣ ደረጀ አንገት ላይ ያለው... የእማዬ ዳንቴል አይደለም?››

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ፋይበር አላየም እንጂ፣ ቢያይ እያደር የሚል አይመስለኝም።

 እጄ ሳልልከው ወደ ሞደሙ ሣጥን ሄደ። የመስታወቱን ክር በሁለት ጣቴ መሐል አገኘሁት። አንድ ጊዜ ጠበቅ አድርጌ ባጥፈው ብርሃኑ ያመልጣል፤ መስመሩ ተበላሸ እላለሁ፤ ማቴዎስ ይመጣል፤ ደረጀ ይተርፋል፤ ልጄም ትምህርቷን ትጨርሳለች። የቀረኝ ጣቴን ማጠፍ ብቻ ነበር። ግን ባጥፈው የሚጨልመው ፊቷ ነው። ስንት ጊዜ ጠብቄ ያገኘሁት ፊት ነው። እንዴት አድርጌ ልጠፈው?

ያን ጊዜ ከኋላዋ ሳቅ ፈነዳ። ያ ዘወትር የምሰማው የጓደኞቿ ሳቅ። እንዲህ ያለ ሰዓት ላይ ምን ያስቃቸዋል ብዬ ልቆጣ ስል፣ ቤዛ ደንግጣ ዞር አለች፤ ስትዞር ከኋላዋ ያለው ክፍል በሙሉ ታየኝ። አንድ አልጋ። አንድ ወንበር። መስኮቱ ላይ አንድ ሲኒ። ግድግዳው ሥር የተከፈተ ቴሌቪዥን። ቴሌቪዥኑ ውስጥ የማላውቃቸው ፈረንጆች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሌላ ሰው የለም።

ሄዳ አጠፋችው። ተመልሳ ተቀመጠች፤ ዐይኗን ግን ቀና አላደረገችም።

‹‹ጓደኞችሽ ናቸው?›› አልኳት።

‹‹አዎ። እሱ ደግሞ ደረጀ ነው?››

‹‹አዎ፣ ደረጀ ነው።››

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም። ማን ቀድሞ ሳቁ ወደ ልቅሶ እንደተለወጠበት ግን አውቃለሁ፤ እኔ ነኝ። ክሩን ለቀቅኩት።

‹‹ትምህርቱን ትቼ...›› ብላ ጀመረች።

‹‹አታደርጊውም! አንቺ መጥተሽ እዚህ ብትቀመጪ የዓሣው በሽታ አይለቀው፣ የእኔም አይለቀኝ። ጨርሰሽ ነይ። ግን ብቻሽን ስትሆኚ ብቻዬን ነኝ በይኝ። እኔም እንደዚያው እልሻለሁ።››

አፍንጫዋን ጠረገች። ‹‹እንግዲያው ደረጀን አልብሰህ አታቁምብኝ።››

ተነስቼ ባርኔጣውን አወለቅኩት፣ ሁለቱን ኮቶች አወለቅኩት። ዳንቴሉን ፈትቼ፣ እሷ ‹‹ወደ ግራ... ትንሽ ወደ ግራ›› እያለችኝ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ እናቷ ታደርገው እንደነበረው አነጠፍኩት። ደረጀ እንጨት ሆኖ ቀረ። ትንሽ አሳዘነኝ።

‹‹ምሳ በላህ?›› አለችኝ።

ሁልጊዜ ‹‹ከደረጀ ጋር በላን›› ነበር የምላት። ‹‹አልበላሁም›› አልኳት። እሷም አልበላችም ነበር። የትናንት ሽሮዬን አሙቄ አመጣሁ፤ እሷ ዳቦና አይብ ይዛ መጣች፤ ፊት ለፊት ተቀምጠን በላን።

ወሬያችን አለቀ። በመዳቡ ጊዜ መስመሩ ከመቋረጡ በፊት ብለን እየተጣደፍን ስለምናወራ ወሬ አልቆብን አያውቅም ነበር፤ አፍታ ዝም ከተባለ ደግሞ ሁለታችንም ‹‹ሃሎ! ሃሎ! አለህ? አለሽ?›› እያልን እንጮህ ነበር። አሁን ዝም አልን፣ ማንም ሃሎ አላለም። ስታኝክ አያታለሁ። ዐይኗ ርግብግብ ይላል። አለች።

ሳላስበው አንድ ደህና ጉርሻ ጠቅልዬ እጄን ወደ እሷ ዘረጋሁ። እሷም ረስታው አፏን ከፈተች። እጄ አየር ላይ ቀረ። ለዚህ የሚሆን መስመር ገና አልተዘረጋም። ማቴዎስ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ አልኩና፣ ጉርሻውን ራሴ በላሁት።